«ካልፈረመም ሕግ ይሆናል»፦ «ከሆነ» የበዛባቸውን የፖሊሲ ሎጂክ ጥያቄዎች እንዴት እንሥራ?

አፕቲቲዩድ የተፈተነ ሰው ይህን ዓይነት ጥያቄ ያውቀዋል። «መንግሥት ድጎማ ካነሳ ታሪፍ ይጨምራል፤ ታሪፍ ከጨመረ...» ብሎ ይጀምርና አምስት መስመር ይሄዳል፣ ከሥሩ አራት ምርጫ ይደረድራል፣ አራቱም ልክ ይመስላሉ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ይመጣል። ለማስተርስ መግቢያ ፈተና ላይ ይመጣል። ባንኮች ሠራተኛ ሲቀጥሩ በሚሰጡት የጽሑፍ ፈተና ላይም አይጠፋም።

ጉዳዩ ፖሊሲ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስለ ቀይና ሰማያዊ ኳስ ቢጠየቅ ረጋ ብሎ የሚያስብ ሰው፣ ስለ ግብር ወይም ስለ ነዳጅ ሲጠየቅ የራሱ ሐሳብ ይቀድመዋል። ስለ ጉዳዩ ብዙ ሰምቷል፣ ብዙ ተከራክሯል፣ እና ሳያውቀው ያልተጻፈውን ያነባል።

ከዚህ በታች ያለው እኔ የምሠራበት ቅደም ተከተል ነው። ምሳሌዎቹን በተቻለ መጠን ከራሳችን ሕገ መንግሥትና አዋጆች ወስጃለሁ። ለልምምድ የፈጠርኳቸው ሲመጡ እነግራችኋለሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ፣ ይህ በጭንቅላት ብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም።

1. አስተያየታችሁን ወደ ጎን አድርጉት

ጥያቄው ፖሊሲው ጥሩ ይሁን መጥፎ አይጠይቃችሁም። በእውነተኛው ዓለም ይሆናል ወይ ብሎም አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የተሰጡት ዓረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው ብለን ብንቀበል፣ ይህ መደምደሚያ ከእነሱ የግድ ይወጣል ወይ?

እስቲ ይህን እዩ (የፈጠርኩት ነው)። «የዳቦ ዋጋ ከጨመረ መንግሥት ስንዴ ከውጭ አይገዛም። የዳቦ ዋጋ ጨምሯል። ስለዚህ መንግሥት ስንዴ ከውጭ አይገዛም።» ብዙ ሰው እዚህ ላይ «እንዴ! ዋጋ ሲጨምር ነው እንጂ የሚገዛው» ብሎ «አይከተልም» የሚለውን ያከብባል። ጥያቄው ግን ስለ ስንዴ ገበያ ያላችሁን ዕውቀት አልፈለገም። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ከተቀበላችሁ መደምደሚያው ይከተላል፣ አለቀ።

ተቃራኒውም አለ፣ እሱ ነው ይበልጥ የሚያታልለው። መደምደሚያው በእውነተኛው ዓለም እውነት ሆኖ፣ ከተሰጠው ግን የማይወጣበት። ሕገ መንግሥቱ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ኢትዮጵያዊ የመምረጥ መብት አለው ይላል። ጥያቄው «18 ዓመት የሞላው ዜጋ መምረጥ ይችላል» ብሎ ብቻ ቢሰጣችሁና «ስለዚህ የ17 ዓመት ልጅ መምረጥ አይችልም» ቢላችሁስ? እውነት ነው፣ አይችልም። ግን ከዚያች ዓረፍተ ነገር አይወጣም። እሷ የምትናገረው 18 ስለሞላቸው ነው፣ ስላልሞላቸው ትንፍሽ አላለችም።

2. ቀስት አድርጋችሁ ጻፉት

እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለት ፊደልና አንድ ቀስት አድርጉት። «ሀ ከሆነ ለ ይሆናል» ማለት ሀ → ለ ነው። ሀ ያለበትን ጅራት እንበለው፣ ለ ያለበትን ጫፍ። «አይደለም» ለማለት ከፊደሉ በፊት ~ አድርጉ። ሌላ ምልክት አያስፈልጋችሁም።

አሁን እውነተኛ ሕግ እንውሰድ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ስለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው። አዋጁን የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ የተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ እረፍት ላይ ከሆነ ደግሞ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብለታል። ከዚያ ቁልፏ ዓረፍተ ነገር ትመጣለች፦ አዋጁ በምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ተቀባይነት ካላገኘ ወዲያውኑ ይሻራል።

ተቀባይነት ማግኘቱን ጸ፣ መሻሩን ሻ እንበል። ~ጸ → ሻ።

ከዚህች አንዲት ቀስት አራት ዓይነት ሙከራ ይደረጋል። ሁለቱ ይሠራሉ፣ ሁለቱ አይሠሩም። ፈታኙ የሚጫወተው በእነዚህ አራት ላይ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ጋ ቀስ በሉ።

አንደኛ፦ «ተቀባይነት አላገኘም» ከተባለ «ይሻራል» ማለት ትችላላችሁ። በቀስቱ አቅጣጫ መሄድ ነው። ይህን የሚስት የለም።

ሁለተኛ፦ «አዋጁ አልተሻረም» ከተባለስ? ተቀባይነት ባያገኝ ኖሮ ይሻር ነበር። አልተሻረም። ስለዚህ ተቀባይነት አግኝቷል። ይህም ልክ ነው። አጻጻፉ ቀላል ነው፦ ቀስቱን ትገለብጣላችሁ፣ ሁለቱንም ጎን ትቃረናላችሁ። ~ጸ → ሻ የነበረው ~ሻ → ጸ ይሆናል። እያንዳንዱን ቀስት ስትጽፉ ከአጠገቡ ይህን ግልባጩን ጻፉ። ሁልጊዜ። የማያስፈልግ ቢመስላችሁም።

ሦስተኛ፦ «አዋጁ ተሽሯል፣ ስለዚህ ተቀባይነት አላገኘም ማለት ነው»። ስህተት! ከጫፍ ወደ ጅራት መመለስ ነው። ለምን እንደማይሠራ ደግሞ የቅርብ ታሪክ አለን። ጥቅምት 2014 የታወጀውን አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ምክር ቤቱ አጽድቆት ነበር። ራሱ ምክር ቤቱ ደግሞ ስድስት ወሩ ሳይሞላ የካቲት 2014 ላይ አነሳው። አዋጁ ቀረ፣ ግን ጸድቆ ነበር። ውጤቱን ስላያችሁ ብቻ ምክንያቱን አወቃችሁ ማለት አይደለም፣ ወደዚያ ውጤት የሚያደርስ ሌላ መንገድ ሊኖር ይችላል።

አራተኛ፦ «ተቀባይነት አግኝቷል፣ ስለዚህ አይሻርም»። ይህም ስህተት ነው፣ በዚያው ምሳሌ ይፈርሳል። ሁለቱንም ጎን ተቃርኖ ቀስቱን እንዳለ መተው ነው።

ሦስተኛውና አራተኛው በምርጫዎቹ መሀል ሁልጊዜ ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ከትክክለኛው መልስ ይልቅ ያማሩ ሆነው። ምክንያቱ አነጋገራችን ነው። እናት ልጇን «ካለፍክ ስልክ እገዛልሃለሁ» ስትለው፣ ልጁ «ካላለፍኩ የለም» ብሎ ይሰማል፣ እሷም ያንኑ ማለቷ ነው። በወሬ መሀል ይህ ያግባባል። ፈተና ላይ ግን የተባለው ብቻ ነው የተባለው።

3. ቀስቱ ወዴት እንደሚዞር የሚወስኑትን ቃላት ለዩ

ስህተት ከሚፈጠርባቸው ቦታዎች ትልቁ ይህ ነው፣ በተለይ «ብቻ»።

ከ2015 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። ሕጉን እንዲህ እንጻፈው፦ «ዲግሪ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ላለፈ ተማሪ ብቻ ነው»። ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ «ካለፈ → ዲግሪ» ይጽፋል። አይደለም። ፈተናውን አልፎ ውጤቱ ከ2.00 በታች የሆነ ተማሪ ዲግሪ አያገኝም፣ ዓረፍተ ነገሩም ያገኛል አላለም። ያለው ዲግሪ የያዘ ሰው ካያችሁ ፈተናውን አልፏል ነው። ስለዚህ ዲግሪ → አልፏል። «ብቻ» የተጣበቀበት ነገር ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ይህችን በቃል ያዙ።

ሌላው ጥሩ ማሳያ ሪሚዲያል ነው። የ2014 ብሔራዊ ፈተና ላይ ግማሽ ያመጣው ከተፈተነው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ ዩኒቨርሲቲዎች ባዶ ሊቀሩ ነው ተባለና የማካካሻ ፕሮግራም መጣ። አሁን ሁለት ዓረፍተ ነገር አስተያዩ። «50 በመቶ ያመጣ ዩኒቨርሲቲ ይገባል» እና «50 በመቶ ያመጣ ብቻ ዩኒቨርሲቲ ይገባል»። አርባ አምጥቶ በሪሚዲያል ግቢ የገባ አንድ ተማሪ የመጀመሪያውን አይነካውም። ሁለተኛውን ግን ያፈርሰዋል። ልዩነቱ አንዲት ቃል ናት፣ ግን ቀስቱ ሙሉ በሙሉ ተገልብጧል።

ሌሎቹን ቃላት በፍጥነት ልለፍባቸው። «ከሆነ»፣ «ከተገኘ»፣ «እስከሆነ ድረስ»፣ «በቂ ነው» የሚሉት ጅራት ላይ ይቀመጣሉ። «ቅድመ ሁኔታ ነው»፣ «ግዴታ ነው»፣ «ሳይሆን አይሆንም» የሚሉት እንደ «ብቻ» ጫፍ ላይ። «ማንኛውም» እና «ሁሉ» በልብሳቸው አይምሰሏችሁ፣ እነሱም «ከሆነ» ናቸው፦ «የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ጡረታ ይቆረጥበታል» ማለት ሠራተኛ → ጡረታ ነው።

«ማንም» ከአሉታ ጋር ሲመጣ ቀስቱ ወደ ~ ይሄዳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 በታች → ~መቅጠር። ግልባጩ፦ በሕጉ መሠረት የተቀጠረ → ከ15 በታች አይደለም። «15 ከሞላው የትም ይቀጠራል» ግን አይወጣም፣ እንዲያውም ያው አዋጅ ከ15 እስከ 18 ላሉት ወጣት ሠራተኞች አደገኛ ሥራና የሌሊት ሥራ ይከለክላል።

«በስተቀር» ጭንቅ ይፈጥራል፣ ሳያስፈልግ። «ገንዘብ ሚኒስቴር ካልፈቀደ በስተቀር ግዥው አይፈጸምም» (የፈጠርኩት)። «በስተቀር»ን ሰርዙት፦ ካልፈቀደ አይፈጸምም። ~ፈ → ~ግ። ግልባጩ ግ → ፈ። ግዥ ተፈጽሞ ካያችሁ ፈቃድ ነበረ ማለት ነው። ፈቃድ ስላለ ግን ግዥው ይፈጸማል ማለት አይደለም፣ ይህን ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግዥ የጠበቀ ሰው ከእኔ በላይ ያውቃል።

ፈተናው በእንግሊዝኛ ከሆነ ተመሳሳይ ነው። «ኢፍ» ያቀፈው ጅራት፣ «ኦንሊ ኢፍ» ያቀፈው ጫፍ፣ «አንለስ»ን ደግሞ «ኢፍ ኖት» ብላችሁ አንብቡት። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ በአማርኛ ሁኔታው አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ ግን «ኢፍ» ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሊመጣ ይችላል። ቅደም ተከተሉን አትመኑት፣ ቃሉ ያቀፈውን ተከተሉ።

4. ሁለት ቀስት አንድ ጫፍ ላይ ሲገናኙ

ይህ እኔ በጣም የምወደው ነው፣ ሕገ መንግሥታችን ውስጥም ንጹህ ምሳሌ አለው። አንቀጽ 57። ምክር ቤቱ መክሮ የተስማማበት ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ለፊርማ ይቀርባል። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማል። በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረመ ሕጉ በሥራ ላይ ይውላል።

ለጥያቄ በሚመች መልኩ እንጻፈው፦ ከፈረመ ሕጉ ይጸናል (ፈ → ሕ)፣ በ15 ቀን ካልፈረመም ይጸናል (~ፈ → ሕ)።

አሁን ሁለት ምርጫ ቢሰጣችሁ። አንዱ «ሕጉ ጸንቷል፣ ስለዚህ ፕሬዚዳንቱ ፈርሟል» ይላል። አይከተልም፣ በሌላኛው መንገድም ጸንቶ ሊሆን ይችላልና። ሁለተኛው «ስለ ፊርማው ምንም ባናውቅም ሕጉ ይጸናል» ይላል። ይህ ይከተላል! ወይ ይፈርማል ወይ አይፈርምም፣ ሦስተኛ መንገድ የለም፣ ሁለቱም ያው ቦታ ያደርሳሉ። ብዙ ተፈታኝ «መረጃ አልተሰጠም» ብሎ የሚያልፈው እንዲህ ያለውን ነው። ፊርማው እንዳልታወቀ አይቶ ይቆማል፣ ሁለቱንም መንገድ ሄዶ አይሞክርም። አንድ ጉዳይ ሳይታወቅ ሲቀር «ቢሆንስ?»፣ «ባይሆንስ?» ብላችሁ ሁለቱንም ሂዱበት። ሁለቱም አንድ ጫፍ ላይ ካደረሷችሁ መልሱን ይዛችኋል።

በነገራችን ላይ ፕሬዚዳንቱ ሕግ የመጣል ሥልጣን እንደሌለው ከዚሁ ይታያል። ማንም «አይችልም» ብሎ አልጻፈም፣ ግን ከሁለቱ ቀስቶች ይወጣል።

5. «እና» እና «ወይም» ሲቃረኑ ቦታ ይለዋወጣሉ

አንቀጽ 105ን እንይ። በምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩት መብቶች የሚሻሻሉት ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ ሲያጸድቁት፣ የተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያጸድቀው እና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያጸድቀው ብቻ ነው። ቀስቱ፦ ተሻሻለ → (ክ እና ተ እና ፌ)።

ግልባጩን ስትጽፉ ከቅንፉ ውስጥ ያሉትን ሦስቱንም ~ ማድረግ ብቻ አይበቃም። «እና» ወደ «ወይም» ይቀየራል፦ (~ክ ወይም ~ተ ወይም ~ፌ) → ~ተሻሻለ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ በቂ ነው። ዛሬ ካሉት 12 ክልሎች 11ዱ አጽድቀው አንዱ እምቢ ቢል «ሁሉም» የሚለው ፈርሷል፣ ማሻሻያው ቀርቷል።

እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። «ሁሉም ክልሎች አጽድቀዋል» የሚለው ሲቃረን «አንድም ክልል አላጸደቀም» አይሆንም። «ቢያንስ አንድ ያላጸደቀ አለ» ነው የሚሆነው። «አንዳንዱ አጽድቋል» ሲቃረን ነው «አንድም አላጸደቀም» የሚሆነው። ሁለቱን የሚያምታታ ምርጫ ካያችሁ ያለ ርኅራኄ ሰርዙት።

6. ሰንሰለት

ለልምምድ፦ ድጎማ ከተነሳ ታሪፍ ይጨምራል። ታሪፍ ከጨመረ ከተማው ለሠራተኞች አውቶቡስ ያሠማራል። አውቶቡስ ካሠማራ ተጨማሪ በጀት ይመደባል። ተጨማሪ በጀት አልተመደበም።

ድ → ታ → አ → በ። ከኋላ ጀምሩ፦ ~በ → ~አ → ~ታ → ~ድ። ድጎማው አልተነሳም። የተረጋገጠ ነገር («አልተመደበም») ካለ ሁልጊዜ ከእሱ ጀምሩ፣ ከመጀመሪያው መስመር አይደለም። ፈታኞች ዓረፍተ ነገሮቹን አዘበራርቀው ስለሚያስቀምጡ ሰንሰለቱን እናንተ ናችሁ የምትቀጥሉት፤ የአንዱ ጫፍ ከሌላው ጅራት ጋር አንድ ዓይነት የሆነበትን እየፈለጋችሁ።

ከዚህ ሰንሰለት «ድጎማ ካልተነሳ ታሪፍ አይጨምርም» የሚለው አይወጣም። ታክሲ የሚሳፈር ሰው እዚህ ላይ አይሸወድም፣ ታሪፍ በሌላ ምክንያትም እንደሚጨምር በኪሱ ያውቀዋል።

7. ተቆጣጣሪ ሁኑ

የእንግሊዙ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ዌሰን በ1966 እ.ኤ.አ. አንድ የታወቀ ሙከራ አሳተመ። አራት ካርድ አለ፣ በአንድ ገጹ ፊደል በሌላው ቁጥር። «በአንድ በኩል እንዲህ ያለ ፊደል ካለ በሌላው እንዲህ ያለ ቁጥር አለ» የሚል ሕግ ይነገርና፣ ሕጉ መጣሱን ለማወቅ የትኞቹን ካርዶች ትገለብጣላችሁ ይባላል። በትክክል የመለሰው ከአሥር ሰው አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። በ1982 እ.ኤ.አ. ግን ፍሎሪዳ ውስጥ ግሪግስና ኮክስ የተባሉ ተመራማሪዎች ያንኑ ጥያቄ በመጠጥ ዕድሜ ሕግ ቀየሩት፣ ከአራት ሰው ሦስቱ ገደማ በትክክል መለሰ። ሎጂኩ ያው ነው።

ወደ እኛ እናምጣው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። እናንተ ተቆጣጣሪ ሆናችሁ ግሮሰሪ ገባችሁ እንበል። አራት ሰው ተቀምጧል። አንዱ ቢራ ይዟል፣ ዕድሜውን አታውቁም። አንዱ አምቦ ውኃ ይዟል፣ ዕድሜውን አታውቁም። አንዱ የ30 ዓመት ሰው እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ብርጭቆው ውስጥ ያለውን አታዩም። አንዷ የ17 ዓመት ልጅ ናት፣ የያዘችውን አታዩም። ማንን ትጠይቃላችሁ?

ባለ ቢራውንና የ17 ዓመቷን። አምቦ የያዘው ዕድሜው ስንትም ይሁን ሕግ አልተጣሰም፣ የ30 ዓመቱም ምንም ቢጠጣ አልተጣሰም። ቀስቱ ቢራ → 21 ነው፤ ሕጉ የሚጣሰው ጅራቱ ኖሮ ጫፉ ሲጎድል ብቻ ነው።

ይህ ለማንኛውም ምርጫ መፈተኛ ይሆናል። ምርጫውን ስታነቡ «ይህ ልክ ነው?» አትበሉ። «የተሰጡት ሁሉ ተከብረው ይህ ውሸት የሚሆንበት አንድ ሁኔታ መፍጠር እችላለሁ?» በሉ። ከቻላችሁ ምርጫው ወደቀ። አንድ ምሳሌ ይበቃል፣ እውነተኛ መሆንም የለበትም፣ የተሰጡትን አለመጣሱ ብቻ በቂ ነው። ካልቻላችሁ፣ እና ለምን እንደማይቻል በቀስቶቹ ላይ ማሳየት ከቻላችሁ፣ መልሱ እሱ ነው። እኔ ቀስቶቹን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የምሠራው ሥራ በሙሉ ይኸው ማፍረስ ነው።

8. የተጠየቀውን ድጋሚ አንብቡ

«የግድ እውነት የሆነው የቱ ነው?» እና «እውነት ሊሆን የሚችለው የቱ ነው?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በመጀመሪያው አንድ ማፍረሻ ሲገኝ ምርጫው ይወድቃል። በሁለተኛው ከቀስቶቹ ጋር የማይጋጭ አንድ ሁኔታ ከተገኘ ምርጫው ይቆማል። «ሊሆን የማይችለው» ከተባለ ደግሞ ከተሰጠው ጋር በቀጥታ የሚጋጨውን ነው የምትፈልጉት። «ሊሆን ይችላል» ያለውን «የግድ» ብለው አንብበው የሚወድቁ ጎበዝ ተማሪዎች ብዙ ናቸው።

9. አንድ ሙሉ ጥያቄ እንሥራ

ከተማዋም ፖሊሲውም የፈጠራ ናቸው።

አንድ፦ ከተማዋ አዲስ የውኃ ታሪፍ የምታወጣው ምክር ቤቱ ካጸደቀው ብቻ ነው።
ሁለት፦ የሕዝብ ውይይት ካልተካሄደ በስተቀር ምክር ቤቱ አያጸድቅም።
ሦስት፦ የውኃ ፕሮጀክቱ ብድር ከተለቀቀ ከተማዋ አዲስ ታሪፍ ታወጣለች።
አራት፦ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አባወራዎች ድጎማ ካገኙ፣ ወይ ብድሩ ተለቋል ወይ የክልሉ በጀት ጨምሯል።
አምስት፦ የሕዝብ ውይይት አልተካሄደም።

የግድ እውነት የሆነው የቱ ነው?

ሀ. አባወራዎቹ ድጎማ አላገኙም።
ለ. የክልሉ በጀት አልጨመረም።
ሐ. አባወራዎቹ ድጎማ ካገኙ የክልሉ በጀት ጨምሯል።
መ. የሕዝብ ውይይት ቢካሄድ አዲሱ ታሪፍ ይወጣ ነበር።

ቀስቶቹ፦ ታ → ጸ («ብቻ» ስላለ)። ጸ → ው («በስተቀር» ተሰርዞ፣ ተገልብጦ)። ብ → ታ። ድ → (ብ ወይም ጀ)። የተረጋገጠው ~ው።

ከተረጋገጠው እንጀምር። ~ው፣ ስለዚህ ~ጸ፣ ስለዚህ ~ታ፣ ስለዚህ ~ብ። ብድሩ አልተለቀቀም። አሁን አራተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ከሁለቱ አማራጮች አንዱ ተዘጋ፣ የቀረው በጀቱ ነው። ድጎማ ካለ በጀት ጨምሯል። መልሱ ሐ ነው።

ሀን አፍርሱት፦ በጀቱ ጨምሮ አባወራዎቹ ድጎማ አገኙ እንበል። አምስቱም ዓረፍተ ነገሮች አልተነኩም፣ ሀ ግን ውሸት ሆነ። ያው ምሳሌ ለንም ያፈርሳል። ሀን የሚመርጥ ሰው ብድሩ መቅረቱን ካወቀ በኋላ «ወይ» የምትለዋን ረስቷል። መ ደግሞ በተግባር የሚታመን ነው፣ ተወያይተው ታሪፍ ያልጨመሩበትን ጊዜ ማን ያስታውሳል! ግን ውይይት ጫፍ ላይ ነው ያለው፣ ከጫፍ ወደ ጅራት መመለስ የለም። ውይይት ተካሂዶ ምክር ቤቱ ውድቅ ሊያደርገው ይችላል።

ራሳችሁን መሞከር ከፈለጋችሁ አምስተኛውን አውጡና በምትኩ «የክልሉ በጀት አልጨመረም» የሚለውን አስገቡ። አራቱ ምርጫዎች አያስፈልጓችሁም፣ ስለ ድጎማና ስለ ውይይት የሚከተለውን ራሳችሁ ጻፉት። «ድጎማ ካገኙ የሕዝብ ውይይት ተካሂዷል» የሚለው ላይ ከደረሳችሁ በትክክል ሠርታችኋል። «ውይይት ከተካሄደ ድጎማ አግኝተዋል» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ወደ ቁጥር 2 ተመለሱ።